የቁና ቁልል ዳኛ ማነው?

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ሲባል ሳንሰማ ያደግን የለንም። ተረቱ ስለ ፍርድ ነው እንጂ ስለ ቁና አይደለም ይባላል። እኛ ግን ለዛሬ ያህል ስለ ቁና ነው ብለን እንነሳ። ያን ጊዜ ተረቱ ሳይመልሰው ያለፈው ጥያቄ ብቅ ይላል። ለመሆኑ ቁናው የትኛው ነው? አፉ በእጅ ተጠርጎ የተስተካከለው ነው? ወይስ እህሉ እስኪፈስ ድረስ ተቆልሎ ጫፍ ያወጣው? ሁለቱም «አንድ ቁና» ይባላሉ። ዕቃው ያው ዕቃ ነው፤ ሰፋሪውም ያው ሰው ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን አንድ ቤተሰብ ሳምንቱን የሚከርምበት እህል ሊሆን ይችላል።

ይህ ልዩነት ቅርጽ አለው። ከቁናው ገደፍ በላይ የቆመው ቁልል በትምህርት ቤት ኮን እያልን የተማርነው ሾጣጣ ነው። ይዘቱም የሚገኘው የወለሉን ስፋት በቁመቱ አባዝቶ ለ3 በማካፈል ነው። ይህን የማያውቅ በመካከላችን የለም፤ ፈተና ላይ ደጋግመን ሠርተነዋል፣ ነጥብም አግኝተንበታል። ይሁን እንጂ ያንኑ ሾጣጣ ከወረቀት ውጭ፣ በገበያና በአውድማ ላይ፣ ስንቶቻችን አይተነዋል? የዛሬው ጥያቄያችን ከዚህ ይነሳል። ቅርጽን መለየትና መለካት የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ነው ወይስ የኅሊናም ጉዳይ ነው?

በፈተና ወረቀት ላይ ቅርጹን የሚለይልን ጠያቂው ነው። «ሬዲየሱ ይህን ያህል፣ ቁመቱ ይህን ያህል የሆነ ኮን» ብሎ ሲሰጠን ከሥራው የሚበልጠውን ሠርቶልናል። በዓለም ላይ ግን «እኔ ኮን ነኝ» ብሎ ስሙን የሚናገር ዕቃ የለም። ቋንቋችንም በዚህ በኩል ቸርነት ያበዛል። ሳንቲምም ክብ ነው፣ ብርቱካንም ክብ ነው፣ ጎጆም ክብ ነው። እንደ ሒሳብ ሰው ከተናገርን አንደኛው ዝርግ ሲሊንደር፣ ሁለተኛው ሉል፣ ሦስተኛው ሾጣጣ የደፋ ሲሊንደር ነው። መሶብማ ከነክዳኑና ከነእግሩ ሲታይ የትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ደፍሮ የሚጠይቀው ቅርጽ አይደለም! ሸክላ ሠሪዋ ያለ ኮምፓስ ክቡን ታወጣዋለች፤ ጎጆ ሠሪው የጣራውን ቁልቁለት በዓይኑ ይመትራል። ስሙን ሳይጠሩት ቅርጹን ያውቁታል ማለት ነው። እኛ ደግሞ ስሙን እየጠራን ቅርጹን አናውቀውም። ከሁለቱ የትኛው የባሰ ድንቁርና እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

እስቲ እርሳስ እናንሳ። ሁለት መስፈሪያዎች አሉ እንበል። የአንደኛው አፍ 30 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። የሁለተኛው አፍ 40 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን 8.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለስሌት እንዲመቸን ሁለቱም ግድግዳቸው ቀጥ ያለ ሲሊንደር ይሁኑ። አፋቸው ተጠርጎ ሲሰፈርባቸው የሚይዙት እኩል ነው፤ 10.6 ሊትር ያህል። ዳኛ ፊት ቀርበው ውሃ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተገለበጠ ቢመሳከሩ «አንድ ናቸው» ተብለው ይመለሳሉ።

አሁን እህሉን ቆልሉበት። ደረቅ እህል ሲፈስ እንዳሻው አይቆምም፤ የራሱ የሆነ ቁልቁለት አለው። ከዚያ በላይ ሽቅብ ላድርግህ ቢሉት ይንሸራተታል። ለስንዴ ይህ ቁልቁለት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የቁልሉ ቁመት የአፉን ሬዲየስ ግማሽ ያህል ይሆናል ብንል ከእውነት አንርቅም። በጠባቡ አፍ ላይ የሚቆመው ሾጣጣ 1.8 ሊትር ይሆናል። በሰፊው አፍ ላይ የሚቆመው ግን 4.2 ሊትር! የመጀመሪያው ቁልል የመስፈሪያውን አንድ ስድስተኛ ጨመረ፤ ሁለተኛው ሁለት አምስተኛ ያህል ጨመረ። «አንድ ናቸው» የተባሉት መስፈሪያዎች አንድ አልነበሩም ማለት ነው። ምስጢሩ ያለው የሾጣጣው ወለል ሲሰፋ ቁመቱም አብሮ ስለሚያድግ ነው። አፉ እጥፍ ቢሰፋ ቁልሉ እጥፍ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ይሆናል።

ይህ ምን ያመጣል? ነሐሴ ላይ ጎተራው የተራቆተበት ገበሬ ካለው ሰው ዘንድ 10 ቁና እህል ይበደራል እንበል። ሲሰጡት የቁናው አፍ እየተጠረገ ነው፤ 106 ሊትር። ጥር ላይ አውድማው ዘንድ መጥተው ሲቀበሉት ደግሞ «ቁና ማለት የሞላ ቁና ነው» ይሉና እየቆለሉ ይወስዳሉ። በጠባቡ መስፈሪያ ቢሆን 124 ሊትር፣ በሰፊው ቢሆን 148 ሊትር ከፍሎ ይገባል። ገበሬው «10 ተበደርኩ፣ 10 መለስኩ» ይላል። አበዳሪውም «10 ሰጠሁ፣ 10 ተቀበልኩ» ብሎ ቢምል በሐሰት አልማለም። ወለድ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። አራጣን የሚያወግዝ ቄስ ወይም ሼህ ቢመጣ የሚያወግዘው ነገር አያገኝም። በአምስት ወር ውስጥ ግን በ100 ላይ 40 ተወልዷል። ወለዱ የተደበቀው በቃል ውስጥ አይደለም፤ በቅርጽ ውስጥ ነው።

እንዲያው ለፍትሕ ሲባል ሌላውንም ገጽ እንናገር። ምርት እኩል ወይም ሲሶ ተብሎ በዚያው ቁና፣ በዚያው አሰፋፈር ለሁለቱም ወገን ሲከፋፈል ቁልሉ ማንንም አይጎዳም። ለአንዱም ይቆለላል፣ ለሌላውም ይቆለላል፤ ድርሻው አይናወጥም። ለባለመሬት ሲሶ መስጠት ራሱ በደል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የዘጋው ሌላ ክርክር ነው። ያን ክርክር ግን በቁናው ላይ መለጠፍ አይገባም። ጂኦሜትሪ ኃጢአቱ የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን የት እንደሌለም ይነግረናል። ኃጢአቱ ያለው መስጫውና መቀበያው ሁለት ቅርጽ ሆነው አንድ ስም ሲይዙ ነው።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። ፖላንዳዊው የታሪክ ሊቅ ቪቶልድ ኩላ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ስለ መለኪያና ስለ ሰው የሚናገር መጽሐፍ የአውሮፓ ገበሬና ጌታ በዚሁ በተጠረገና በተቆለለ መካከል ስንት ዘመን እንደተናነቁ ያሳያል። አፉን ሰፋ ማድረግ ነበረ፤ እህሉን ከትከሻ ከፍታ እየለቀቁ መስፈርም ነበረ፤ ከከፍታ የወደቀ እህል ተጠቅጥቆ ይቀመጣልና። እ.ኤ.አ. በ1789 ፈረንሳውያን ቅሬታቸውን ጽፈው ለንጉሡ እንዲያቀርቡ ሲጠየቁ ብዙዎቹ መዝገቦች መለኪያው አንድ ይሁንልን የሚል አቤቱታ ይዘው ነበር። በእኛም በኩል ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ መለኪያዎች ታሪክ በጻፈው ጥናት ስሙ አንድ የሆነ መስፈሪያ ከአገር አገር መጠኑ እንደሚለያይ መዝግቧል።

እዚህ ላይ ስንደርስ ከመካከላችን አንዱ፣ የሕግ ተማሪ ነው፣ አቋረጠን። «ቆይ እንጂ!» አለ፤ «እናንተ ሾጣጣ የምትሉት ነገር ለመሆኑ የት አለ? የስንዴ ቁልል ጎኑ ወጣ ገባ ነው። ጫፉም ሹል አይደለም። እያንዳንዷ ፍሬ ራሷን የቻለች ጠጣር ናት። በመጽሐፋችሁ ያለው፣ ጎኑ እንደ መስተዋት የለሰለሰው ሾጣጣ በምድር ላይ የለም። የሌለ ነገር በሁለት ሰዎች መካከል እንዴት ዳኛ ይሆናል? ሕግ እኮ ቢያንስ ተጽፎ ታትሟል።»

ሳቅን፤ ነገሩ ግን የሚሳቅበት አልነበረም። ጥያቄው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የተወለደው ግሪካዊው ዴሞክሪተስ አንድ እንቆቅልሽ እንዳቀረበ ፕሉታርክ ይነግረናል። ሾጣጣን ከወለሉ ጋር ትይዩ አድርገን በቢላዋ ብንቆርጠው ሁለት ገጾች ይወጣሉ፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። እነዚህ ሁለት ገጾች እኩል ናቸው ወይስ አይደሉም? እኩል ናቸው ካልን የትም ብንቆርጥ እኩል ሊሆኑ ነው፤ ያን ጊዜ ሾጣጣው እየጠበበ መሄዱ ይቀርና ሲሊንደር ሆኖ ቁጭ ይላል። እኩል አይደሉም ካልን ደግሞ ጎኑ ደረጃ ደረጃ አለው ማለት ነው፤ የለሰለሰ አይደለም። ዴሞክሪተስ ዓለም ሁሉ ከማይከፈሉ ቅንጣቶች ተሠራ ብሎ የሚያስተምር ሰው ነበር። እንዲህ ላለ ሰው የስንዴ ቁልል ከመጽሐፉ ሾጣጣ ይልቅ እውነተኛ ነው ለማለት ይቻላል፤ በፍሬ ላይ ፍሬ፣ በደረጃ ላይ ደረጃ።

የሚደንቀው ግን ይህ ነው። ያው ዴሞክሪተስ ሾጣጣ ተመሳሳይ ወለልና ቁመት ያለው ሲሊንደር ሲሶ መሆኑን ከሁሉ አስቀድሞ የተናገረ ሰው ነው። ማረጋገጫውን ያመጣው ከእሱ በኋላ የተነሳው ዩዶክሰስ ነው። ይህን የነገረን አርኪሜድስ ሲሆን፣ ለኤራቶስቴንስ በላከው ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ሳያረጋግጥ ቀድሞ ለተናገረውም ሰው ከምስጋናው ድርሻ ሊሰጠው ይገባል ይላል። የአርኪሜድስ ጽሑፍ ራሱ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ ነበር። ብራናው ተፍቆ በላዩ ጸሎት ተጽፎበት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1906 ሃይበርግ የተባለው ሊቅ ቁስጥንጥንያ ውስጥ ከጸሎቱ ሥር አነበበው። እኛ ስለ ብራና ዋጋ የምናውቅ ሕዝብ ነንና ጸሎት ጸሐፊውን አንነቅፈውም።

ሲሶ! ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ እያሉ አያቶቻችን ምርት ይካፈሉ ነበር። ነገር ግን የአውድማው ሲሶና የሾጣጣው ሲሶ አመጣጣቸው ይለያያል። የአውድማው ሲሶ ሰው የተስማማበት ወይም የተጫነበት ድርሻ ነው፤ ነገ እርቦ ሊሆን ይችላል። የሾጣጣውን ሲሶ ግን ማንም አልተስማማበትም፣ ማንም አልደነገገውም። ንጉሥ ቢቆጣ ወደ እርቦ አይወርድም።

ታዲያ ሲሶ መሆኑን ለገበሬው እንዴት እናሳየው? ከወረቀት ሾጣጣ ጠቅልለን፣ በአፉም በቁመቱም እኩል የሆነ ጣሳ አዘጋጅተን፣ አሸዋ እየሞላን ብንገለብጥ በሦስተኛው ጣሳው ይሞላል። ይህን ልጅ ሆነን መምህሮቻችን አሳይተውናል። ግን አሸዋው የሚለው «ሲሶ ገደማ» ነው። ጥቂት ይፈሳል፣ ጥቂት ይጎድላል። «ሲሶ ገደማ» እና «ሲሶ» አንድ አይደሉም። በቢላዋስ? አራቱም ማዕዘን እኩል የሆነ ኩብ ሳሙና ወስዶ ከአንዱ ጥግ በመነሳት ሦስት ፍጹም እኩል ፒራሚዶች አድርጎ መቁረጥ ይቻላል፤ ማታ መኝታ ክፍል ውስጥ ሞክሩት። ይህ ግን የኩብ መልካም ዕድል ነው። ዴቪድ ሂልበርት እ.ኤ.አ. በ1900 ለዘመኑ ሒሳብ ካቀረባቸው ጥያቄዎች ሦስተኛው ይዘታቸው እኩል የሆኑ ፒራሚዶች ሁሉ እየተቆራረጡ አንዱ ወደ ሌላው ሊለወጡ ይችላሉን የሚል ነበር። ተማሪው ማክስ ዴን ወዲያው መልስ ሰጠ፤ አይቻልም። አራት እኩል ፊት ያለውን ፒራሚድ ወስዳችሁ የፈለጋችሁትን ያህል፣ ግን ቁጥሩ በተወሰነ ቁራጭ ብትከፋፍሉት ያንኑ ይዘት ያለው ኩብ አድርጋችሁ አትገጥሙትም። ጎናቸው ቀጥ ባሉት እንኳ እንዲህ ከሆነ ጎኑ ለሚዞረው ሾጣጣማ ቢላዋ ምን ሊፈይድ! ሲሶነቱን በእርግጥ ለማወቅ ማለቂያ የሌለው ክፍፍል በአእምሮ ማካሄድ ግድ ነው። እጅ የማይደርስበት ቦታ ማለት ነው።

ስለዚህ የሕግ ተማሪው እውነቱን ነው። ዳኛው ሾጣጣ በምድር ላይ የለም፤ በእጅም አይያዝም። እኛ ግን ከዚያ በመነሳት የደረስንበት ከእሱ ተቃራኒ ነው። የአበዳሪው ቁና የአበዳሪው ነው። የገበሬውም ቁና የገበሬው ነው። ገበያ መሐል የቆመው መስፈሪያ እንኳ አንድ የሚጠብቀው ሹም አለው፤ ሹሙም ዘመድ አለው። በምድር ላይ ያለ ነገር ሁሉ የአንድ ሰው ነው። ያ የሌለው ሾጣጣ ግን የማንም አይደለም። አፉን የሚያሰፋው፣ ታቹን የሚያጎደጉደው፣ ጉቦ የሚሰጠው ሰው የለም። ዳኝነቱ የመጣው ስላለ ሳይሆን ስለሌለ ነው ብንል ቅኔ የምንዘርፍ ይመስል ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንዲሁ ነው። ሁለት ባላንጣዎች ሊታመኑበት የሚችሉት ሁለቱም ሊይዙት የማይችሉትን ነገር ነው።

የሕግ ተማሪው አልተረታም። ጥቂት ዝም ብሎ «እሺ፣ ዳኛው ንጹሕ ይሁን። ግን ማነው ወደ ችሎቱ የሚጠራው?» አለን። ይኸኛው ጥያቄ በእውነት አስቸገረን። «ይህ ቁልል ሾጣጣ ነው» ብሎ የሚናገረው ሰው ነው። «ይህ ቁልል የቁናው አካል ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ የሚወስነውም ሰው ነው። ስሌቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ለዚህም ከእንግሊዝ ሕግ የተሻለ ምስክር አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1697 ለወጣው የእህል መስፈሪያቸው ቅርጹን ራሱ በሕግ ጽፈውት ነበር፤ ክብ፣ ታቹ ደልዳላ፣ ስፋቱ 18 ኢንች ተኩል፣ ጥልቀቱ 8 ኢንች። ይህ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ግን መለኪያዎቻቸውን ሁሉ አንድ ያደረገው አዋጅ እንደ ድንጋይ ከሰል ላሉ ተቆልለው ለሚሸጡ ዕቃዎች ቁልሉንም ደነገገው። መስፈሪያው ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ 19 ኢንች ተኩል ይሁን፤ ቁልሉ የኮን ቅርጽ ይኑረው፤ ወለሉም የመስፈሪያው የውጭ ጠርዝ ይሁን፤ ቁመቱ ከ6 ኢንች አይነስ። እንግዲህ አስሉት። ሾጣጣው 597 ኩብ ኢንች ይመጣል። መስፈሪያው ተጠርጎ የሚይዘው 2,218 ኩብ ኢንች ነው። ከሩብ የበለጠ ጭማሪ፣ በጂኦሜትሪ ቋንቋ ተጽፎ ሕግ ሆነ። «አንድ» የሚለው ቃል አንድ ተሩብ ማለት ሆነ ማለት ነው። የቁመቱን 6 ኢንች ደግሞ በየከሰል መሸጫው ማን ቆሞ ይለካዋል? ከ10 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1834 በቁልል መስፈርን ጨርሰው ከሕግ አወጡት። ስሌቱ ስሕተት ስለነበረበት አልነበረም፤ ስሌቱ ትክክል ነበር። ትክክልና ፍትሐዊ ሁለት የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን ያወቅነው ከዚህ ነው። የሌለው ሾጣጣ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። «ስንት ነው?» ሲሉት ይናገራል፤ «ይገባል ወይ?» ሲሉት ዝም ይላል።

ታዲያ ጂኦሜትሪ ከንቱ ናት ልንል ነው? የለም። አንዳንድ ጊዜ ቅርጹ ራሱ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ስናውቅ ነው ልባችን የረካው። ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1795 ሊትርን ከደነገጉ በኋላ የእህል መስፈሪያቸው ቁመቱ ከአፉ ስፋት ጋር እኩል የሆነ ሲሊንደር እንዲሆን ሥርዓት አወጡ። ይዘቱን ብቻ ሳይሆን መልኩንም ሲወስኑት አፍ እያሰፉ ቁልል ማሳደግ ቀረ።

ከዚህም የሚያስደንቀው የኬፕለር ነገር ነው። የፕላኔቶችን መንገድ የመረመረው ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1613 ሁለተኛ ሚስቱን ሲያገባ የወይን ጠጅ በበርሜል ገዛ። ነጋዴው ዋጋውን የተመነው በአንድ ዘንግ ነው። ዘንጉን በበርሜሉ ወገብ ላይ ባለው ቀዳዳ አስገብቶ ሰያፍ እስከ ታችኛው ጥግ አደረሰና ያረፈበትን ምልክት አንብቦ «ይህን ያህል ነው» አለ። የበርሜሉን ርዝመት አልጠየቀም፣ ውፍረቱን አልጠየቀም። ኬፕለር ተቆጣ። ረጅምና ቀጭን በርሜል፣ አጭርና ወፍራም በርሜል በአንድ ዘንግ እንዴት ይለካሉ? ሙሽራው ተቀምጦ አሰላ፤ እ.ኤ.አ. በ1615 ስለ ወይን በርሜሎች ይዘት አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። (ሙሽሪት ስለዚህ ጉዳይ ምን እንዳለች ታሪክ አልነገረንም።)

ስሌቱን ሲጨርስ ቁጣው በረደ። የዘንጉ ንባብ ያው ሆኖ የበርሜሉ ቅርጽ ቢለዋወጥ ይዘቱ የሚለዋወጥ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ይዘቱ ከሁሉ የሚበልጥበት አንድ ቅርጽ አለ፤ የኦስትሪያ በርሜል ሠሪዎችም ለዚያ ቅርጽ እጅግ የቀረበ በርሜል ይሠሩ ነበር። በከፍተኛው ነጥብ አካባቢ ደግሞ ጥቂት መዛባት ምንም ያህል አያጎድልም፤ ተራራ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው አንድ እርምጃ ወዲያ ወዲህ ቢል ከፍታው ብዙ እንደማይቀንስበት ማለት ነው። በርሜሉን ቀጥ ያለ ሲሊንደር አድርገን ብናሰላ፣ የዘንጉ ንባብ ሳይለወጥ ርዝመቱ ከተገቢው በ100 10 ቢዛባ እንኳ ይዘቱ የሚጎድለው በ100 አንድ ተኩል ያህል ብቻ ነው። በርሜል ሠሪው እጁ ቢስት ገዢው አይጎዳም። ቅርጹ የሰውን ድካም ይሸፍናል። ሰፊ አፍ ያለው የአበዳሪ ቁና ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ጥቂት ባሰፉት ቁጥር ብዙ ይወስዳል። ሁለቱም ጠጣር ቅርጾች ናቸው፣ ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ በአንድ ዓይነት ቀመር ይሰላሉ። አንዱ ስሕተትን ይምራል፣ ሌላው ስሕተትን ያተርፍበታል። በርሜል ሠሪዎቹ ቅርጹን ያገኙት በልማድ ይሁን በምርምር አናውቅም፤ ኬፕለር ራሱ ግን አክብሮ ተናገረላቸው። ስሙን ሳይጠሩ ቅርጹን የሚያውቁ ሸክላ ሠሪዎቻችንን ያስታወሰን ይህ ነው።

ዛሬ ቁናው ከብዙ ቦታ ጠፍቷል፤ ሚዛንም በዝቷል። በየጉሊቱ ግን ሽንብራው፣ በርበሬው፣ ቡናው በጣሳና በኩባያ መሰፈሩ አልቀረም። ጣሳ ሲሊንደር ነው እንላለን። አገላብጣችሁ እዩት። ብዙውን ጊዜ ታቹ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል፤ ወድቆም ይሆናል፣ ተመትቶም ይሆናል። አፉ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣሳ ሳይጎደጎድ 942 ሚሊ ሊትር ይይዛል። መሐሉ አንዲት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ብትገፋ ከሉል የተቆረጠ ቆብ የመሰለ ጉብታ ይፈጠራል፤ ይዘቱ 40 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ከጣሳው ውስጥ ከ20 ከፍል አንዱን የማይሞላ ነው፤ ማን ልብ ይለዋል? ነገር ግን 24 ጣሳ የገዛች ሴት 23 ጣሳ ይዛ ነው ወደ ቤቷ የምትገባው። ጣሳውን ማን እንዳጎደጎደው ሻጯ ላታውቅ ትችላለች፤ ምናልባት እሷም ከጅምላ ነጋዴው የተረከበችው በዚያው ጣሳ ይሆናል።

በዚህ ላይ ምራቂ አለ። ሻጯ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ በእጇ ጥቂት ትዘግናለች፤ ከገዢዋ ዘንቢል ላይ ጣል ታደርግላታለች። ምራቂ ቅርጽ የለውም፤ ግማሽ ጭብጥ ሽንብራ ነው። መስፈር ግድ ካለ አንዲት 40 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ገዢዋም ዘንቢሏን እያነሳች «እግዜር ይስጥልኝ፣ ገበያሽን ያድራው» ብላ መርቃት ትሄዳለች።